ከስቱኮው በታች

ሐሙስ ዕለት የጀልባ መሥሪያው ግቢ ሠራተኞች ከምሳ ሲመለሱ አለቃቸውን ኖፍሬ ጎሚላን በአንደኛዋ ጀልባ አፍንጫ ሥር በደረቱ ተደፍቶ አገኙት። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ግማሾቹ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ነው አሉ። ኪማ ፍሎሪት የምትባለው ሠራተኛ ግን ከጭንቅላቱ በስተኋላ ያለውን ስብራት አየች፤ ማንም ምንም እንዳይነካ ከልክላ ፖሊስ ጠራች።

ኢንስፔክተር አጌዳ ትሪያይ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም። ቁጢጥ ብላ አየችው። የስልሳ ዓመት ሰው ነው፤ ጀርባው ሰፊ፣ ቅንድቡ በፋይበር ብናኝ የነጣ። አጠገቡ የእንጨት መዶሻ ወድቋል፤ እጀታው በጨርቅ ተወልውሏል። አጌዳ የሆነ ነገር እስኪሰማት ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ባሏን ከቀበረች ሰባት ሳምንት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ መላ ሰውነቷ የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ከንፈር ነው። ሲነኩት መነካቱን ታውቃለች እንጂ አይሰማትም።

ምክትሏ ጎሪ ራሚስ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። የጎረቤቷ ደሴት የማዮርካ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«አለቃ፣ ከመወጣጫ ወድቆ ጭንቅላቱን ከኋላ መዶሻ የሚመታው፣ ከዚያ ተገልብጦ በደረቱ የሚተኛ፣ መዶሻውንም የሚወለውል ሰው ካለ ሰርከስ ይቅጠረው።»

«ሰዓቱን ጻፍ» አለችው።

የግቢው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። የሜኖርካ ዓሣ አስጋሪዎች ልያውት የሚሏት የእንጨት ጀልባ አለቻቸው፤ ሆዷ ሞላ፣ ሁለቱም ጫፏ ሾጠጥ ያለ። ኖፍሬ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ያንን ቅርጽ ከአንዲት አሮጌ ልያውት ላይ ገልብጦ በፋይበር አወጣው። ከውስጥ የቆዳ ሶፋ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ሁለት ሞተር ገባባት። ሀብታም ወደዳት። ገዢዎቹ ጀልባቸውን ሲረከቡ የዓሣ አስጋሪ ባርኔጣ ደፍተው ፎቶ ይነሣሉ፤ መረብ የሚጥል ግን አንድም የለም። ኖፍሬ ሥሯ የወደቀባት ከዚያ ፎርማ መጀመሪያ የወጣችውና ‹አንደኛዋ› የሚሏት ናት፤ ቀለሟ ሊታደስ ከባሕር ወጥታ በእንጨት ድጋፍ ላይ ቆማለች። አፍንጫዋ ላይ አዲስ ስቱኮ ተለቅልቋል።

ሐኪሙ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ከዘጠኝ በፊት ነው የሞተው አለ። ከዚያ በላይ እንዲያጠብ ቢለመንም አሻፈረኝ አለ።

* * *

የግቢው ሽያጭ ኃላፊ ደሚያ ኦሊቬስ ነው፤ የኖፍሬን እህት ኮሎማን ያገባ። ዕድሜው ሃምሳ ሊሞላ ነው፤ ሸሚዙ በረዶ የመሰለ፣ ድምፁ የለሰለሰ። ቢሮው ውስጥ ውኃ አቀረበላቸው።

«ሠራተኞቹ ሰባት ተኩል ላይ ለምሳ ወጡ» አለ። «እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ከደንበኛችን ከአቶ ብራንድነር ጋር በአዲሷ ጀልባ ወደ ባሕር ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ኖፍሬን እንሂድ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ሥራ አለኝ አለ። መወጣጫው ላይ ሆኖ አፍንጫዋን ስቱኮ ይለቀልቅ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ስትመለሱ?»

«ግቢው በፖሊስ ተሞልቶ ጠበቀን።» ዓይኑን ጨፈነ። «ኢንስፔክተር፣ እሱ ለእኔ ከወንድም በላይ ነበር።»

«ጠላት ነበረው?»

ደሚያ ትንሽ አመነታ። «ሰው መክሰስ አልፈልግም። ግን ማክሰኞ ዕለት አባባ ዮረንስ ባጉር፣ የኤስ ግራው መንደር ዓሣ አስጋሪ፣ እዚህ በር ላይ ጮኾበታል። ቅርጿን የገለበጥነው ከሱ ጀልባ ነበር። ‹አንገትህን እሰብረዋለሁ› ሲለው ወደቡ ሁሉ ሰምቷል።»

ሲወጡ በር ድረስ ሸኛቸው። «ግቢው መቼ ይከፈታል? አንደኛዋ ጀልባ በዚህ ሳምንት ቀለም መቀባት አለባት።»

«ሲያልቅ እንነግርዎታለን» አለች አጌዳ።

በማግሥቱ በወደቡ ያለው ቡና ቤት ባለቤት ለጎሪ አንድ ነገር ነገረው። ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አባባ ዮረንስ በፌስታል የሆነ ነገር ይዞ የግቢውን በር ሲደበድብ አይቶታል።

«ይኸው» አለ ጎሪ እጁን እያፋተገ። «ስምንት ሰዓት ላይ ሰውየው በሕይወት አለ፤ ስምንት ተኩል ላይ የዛተበት ሰው በሩ ላይ አለ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሬሳ።»

«ፌስታሉ ውስጥ ምን ነበር?»

«መዶሻ አይሆን፤ መዶሻው የግቢው ነው። አበባም አይመስለኝም።»

* * *

ወደ ኤስ ግራው ከመሄዳቸው በፊት ብራንድነርን ሆቴሉ ውስጥ አነጋገሩት። ስዊዘርላንዳዊው ጡረተኛ ከሰው መሞት ይልቅ የጀልባው ነገር አብግኖታል። ጀልባው ሦስት ወር ዘግይቷል፤ ለዚያም በስልክ ከኖፍሬ ጋር ተጨቃጭቋል። ይህን ራሱ ሳይጠየቅ አወጣው።

«ሰባት ተኩል ላይ እዚህ ሆቴል እበላ ነበር፤ አስተናጋጁን ጠይቁት። ስምንት ከአምስት ላይ ከደሚያ ጋር ከወደቡ ወጣን። አሥር ከአምስት ላይ ተመለስን። ሰዓት አላጭበረብርም።»

«እንዴት ነበር ደሚያ?» አለች አጌዳ።

«እንደ ሻጭ ነዋ! ያወራል። ግን ቆሻሻ ነው። አዲስ ጀልባ ብሎ ሰጥቶኝ መሪው ሥር የሚያጣብቅ ግራጫ ነገር ለድፎበታል። እሱም እጁን በባሕር ውኃ ደጋግሞ ታጠበ፤ አልለቅ አለው። እንዲህ ያለ ጀልባ ልረከብ ነው እንዴ?»

ጎሪ መኪና ውስጥ ሲገቡ ሳቁን ለቀቀው። «ሰው ሞቶበት ስለ መሪው ያለቅሳል!»

አጌዳ አልሳቀችም። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ጎሪ በሶብራሳዳ ቋሊማ የተሞላ ዳቦ ሰጣት። በላችው። ካርቶን ቢሆንም ትበላው ነበር።

* * *

አባባ ዮረንስ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የሎብስተር ወጥመድ ይጠግናል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ እንደ ገመድ ጠንክረዋል። ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ገድለሃል ልትሉኝ ነው የመጣችሁት?»

«ገደሉት እንዴ አባት?» አለ ጎሪ።

«አንተ ደግሞ የማነህ? አነጋገርህ የማዮርካ ነው። እነሱ ለሰላምታም ቀረጥ ያስከፍላሉ።»

«እኔ ዛሬ በነፃ ነኝ።»

ሽማግሌው ከአፍንጫው ትንሽ ሳቅ የመሰለ ነገር አወጣ። አጌዳ ከጎኑ ባለው ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ማክሰኞ ዕለት ለምን ጮኹበት?»

«የልጄ ጀልባ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረች ጠየቀኝ» አለ። እጁ ሥራውን አላቆመም። «ልጄ ማጊ ባለፈው ነሐሴ ባሕር ላይ ቀረ። ኖፍሬ የኔን ጀልባ ቅርጽ ሲወስድ ዝም አልኩ፤ በአክብሮት ነው የጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ዓሣ ከቁራሽ ሳሙና ለማይለዩ ሰዎች ሸጠው፤ አሁንም ዝም አልኩ። የሞተ ልጄን ቀለም ግን! ይኼንንም ቀብተው ሊሸጡት ነው ብዬ ደሜ ፈላ። አንገትህን እሰብረዋለሁ አልኩት። ብዬዋለሁ፤ አልክድም።»

«ሐሙስ ዕለትስ?»

«ጠዋት ደወለልኝ። አለቀሰ መሰለኝ። ‹ስምንት ተኩል ላይ ና፤ ከማጊ ጀልባ ስብርባሪ አንድ እንጨት ይዘህ ና፤ ሁሉን ያኔ እነግርሃለሁ› አለኝ። ሄድኩ። በሩን ደበደብኩ። የከፈተ የለም። ተመለስኩ።»

«እንጨቱ የት አለ?»

በጣቱ ጓሮውን አሳያት። እዚያ የአንዲት ልያውት ስብርባሪ ተከምሯል፤ ከላዩ ላይ ፌስታል። በፌስታሉ ውስጥ ክንድ የምታክል ጣውላ ነበረች። ቀለሟ አረንጓዴ ነው፤ ግን ገበያ ላይ የሚገኘው አረንጓዴ አይደለም፤ የወይራ ቅጠል ጀርባ ይመስላል።

«ይህን ቀለም ከየት ገዙት?»

«አልተገዛም። ሰማያዊ፣ ቢጫና ትንሽ አመድ ራሴ ነኝ የምደባልቀው። በደሴቱ ላይ ሌላ ሰው የለውም።» ከዚያ ጨመረ፦ «ሥሩ ነጭ ነው። ከነጩ ሥር ቀይ።»

መኪናው ውስጥ ጎሪ ፋይሉን በስልኩ ፈልጎ አነበበላት። ማጊ ባጉር፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት። ከመንደሩ በዓል ማግሥት ማለዳ ወደ ባሕር ወጣ። ጀልባው በፋቫሪትክስ ድንጋዮች ላይ ተሰባብራ ተገኘች፤ ሬሳው ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ። ጠጥቶ አድሮ፣ መሪው ላይ እንቅልፍ ጥሎት ከድንጋይ ጋር ተጋጨ ተብሎ ተዘጋ።

«ጠጥቶ መሆኑን ማን አረጋገጠ?» አለች አጌዳ።

«ማንም። ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ምን ይመረመራል? በዓል ነበርና ሁሉም እንደዚያ አለ።»

* * *

እሑድ ጠዋት ኪማን አስጠርታ የታሸገውን ግቢ ከፈተችው። ኪማ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ናት፤ ከኖፍሬ ጋር ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ‹ሜስትረ›፣ የሙያ አለቃ፣ ነው የምትለው። ከሞተበት ቦታ ላይ እንዳትረግጥ ዞራ አለፈች።

«ሐሙስ ለምሳ ስትወጡ ይቺ አፍንጫ ስቱኮ ነበራት?»

«የለም። ሜስትረ ኖፍሬ ሰኞ ነው በብርጭቆ ወረቀት የፋቃት። ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ቦታዋን በወረቀት ሸፍኖ አሽጓታል። ማንም እንዳይነካት አለ። ለምን ብለው ዝም አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አለ። ምሳም ከእኛ ጋር አልበላም።»

«እዚህ ቦታ ላይ ከዚያ በፊት ምን ነበር?»

«ጥገና ነበር። ባለፈው ነሐሴ ደሚያ ፓልማ ላይ ከግንብ ጋር ተላተምኩ ብሎ እዚያው አስጠግኗት መጣ። ይቺን ጀልባ ለደንበኛ ማሳያ የሚነዳት እሱ ነው።» ኪማ ወደ አፍንጫዋ ቀረብ አለች። ፊቷ ተለወጠ። «ኢንስፔክተር፣ ይኼን ሜስትረ አልሠራውም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ይኸውና፣ ተራራና ሸለቆ ነው። እሱ ዓይኑን በጨርቅ ብታስሩት እንዲህ አይለቀልቅም።»

አጌዳ አውራ ጣቷን ስቱኮው ላይ አሳረፈችና ጫን አለች። ጣቷ እስከ ጥፍሯ ሥር ገባ። ስታወጣው ግራጫ ነገር ተጣብቆባት ነበር።

ለአፍታ ሁለቱም ያንን ጣት አዩት።

«ሦስተኛ ቀኑ ነው» አለች አጌዳ። «እንዲህ ይቆያል?»

«ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት! ከቱቦዋ ማድረቂያውን ጭምቅ አድርገህ ትቀላቅላለህ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ድንጋይ ነው። ይኼ...» ኪማ ራሷ ነካችው። «ይኼ ማድረቂያ የለውም። ከጣሳው ተዝቆ እንዲሁ ነው የተለደፈው። እስከ ገና አይደርቅም። እኛ ጋ ያለ ለማጅ እንኳን ይኼን አይስትም።»

«ዓሣ አስጋሪስ?»

«ጀልባውን ራሱ የሚጠግን ዓሣ አስጋሪ? ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል።»

አጌዳ የላቦራቶሪውን ሰው ጠራች። ስቱኮውን በቢላዋ በጥንቃቄ ገፈፈው። ከሥሩ በፋይበሩ ውስጥ እንደ ጭረት የገባ፣ እጅ የሚያክል የቀለም አሻራ ወጣ። አረንጓዴ። የወይራ ቅጠል ጀርባ።

ኪማ አፏን በክርኗ ሸፈነች። አጌዳ ግን እጇን በጨርቅ ጠረገችና፣ «ከብራንድነር ጀልባ መሪ ሥር ያለውንም ውሰዱ» አለች። ድምጿ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ድምፅ ነበር። እሷም ሰማችው።

* * *

ረቡዕ የላቦራቶሪው መልስ መጣ። ሐሙስ፣ ኖፍሬ በሞተ በሳምንቱ፣ ደሚያ ኦሊቬስ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፊቷ ተቀምጧል። ሸሚዙ አሁንም በረዶ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ እንደገና ይንገሩኝ» አለች። «ስምንት ሰዓት ላይ ኖፍሬ ስቱኮውን ሲሠራ አይተዋል።»

«አይቻለሁ።»

«እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«እንዴት ማለት?»

«እኔ ሙያውን አላውቀውም። ከጣሳው ጀምረው ይንገሩኝ።»

ደሚያ ትከሻውን ነቀነቀ። «ጣሳውን ከፈተ። በላሜራዋ ዘቀ። ለቀለቀ።»

«ከዚያስ?»

«በቃ፣ እንደገና ዘቀ፣ ለቀለቀ።»

ጎሪ ከግድግዳው ጋ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ዛሬ ቀልድ የለውም።

«አቶ ኦሊቬስ፣ ኖፍሬ ይህን ሥራ አርባ ዓመት ሠርቷል። በአርባ ዓመት አንድ ቀን እንኳን ማድረቂያ ሳይጨምር ስቱኮ አልለቀለቀም። ያ ስቱኮ ዛሬም እርጥብ ነው። እርስዎ በብራንድነር መሪ ሥር ያሳረፉት የጣት አሻራም እርጥብ ነው።» ሦስት ፎቶዎችን ደረደረችለት፤ አሻራውን፣ ጣውላውንና የጀልባዋን አፍንጫ። «ከስቱኮው በታች ደግሞ ይህ አለ። አረንጓዴ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ከነጩ ሥር ቀይ። በሁለቱም ላይ በዚያው ቅደም ተከተል።»

ደሚያ ፎቶዎቹን አላየም። እጆቹን አያቸው። ሲናገር ለስላሳው ድምፅ ሄዶ ነበር፤ የመንደር ልጅ ድምፅ ነው የቀረው።

«ፎርኔልስ ወደብ ደንበኛ አድርሼ በማለዳ ስመለስ ነው። ፀሐይ ከፊቴ ነበረች። ስልክ እያወራሁ ነበር። ጀልባዋ ራሷን ትነዳለች፣ ገባሽ? የመጨረሻዋ ቅጽበት ላይ ቀና ስል አየሁት።»

«ምን ያደርግ ነበር?»

«ቆሞ ነበር። መረቡን ጥሎ፣ በሁለት እጁ ያውለበልብልኝ ነበር። ይጮኻል። ሞተር ስላለ አልሰማሁትም።» አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ዞሬ አየሁ። እንጨት ብቻ ነበር። አልቆምኩም። ለምን እንዳልቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ሁሉም ጠጥቶ ነው አሉ። እኔም ጠጥቶ ነው ብዬ አመንኩት፤ ወር ሙሉ በእውነት አመንኩት።»

«ኖፍሬስ?»

«ሰኞ ቀለሙን አየ። እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጠኝ፤ ራስህ ሂድና ተናገር አለኝ። ለኮሎማ ሲል ነው። ሐሙስ ሠራተኞቹ ሲወጡ ለመንኩት። ‹ሽማግሌው ስምንት ተኩል ላይ ይመጣል፤ እኔ እነግረዋለሁ› አለና ጀርባውን ሰጠኝ። መዶሻው እዚያው ነበር።» ቀና አለ። «ምናልባት ጀርባውን ባይሰጠኝ...»

አጌዳ ፎቶዎቹን ሰበሰበች።

ኮሎማ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ወንድሟ በባሏ እጅ መሞቱን አጌዳ ራሷ ነገረቻት። ሴትዮዋ አልጮኸችም። «ሹራብ አምጥቼለታለሁ፤ እስር ቤቱ ይበርዳል» አለችና ሹራቡን ጭኗ ላይ ደጋግማ አጠፈችው።

* * *

«እኔ ለሽማግሌው ልደውልለት» አለ ጎሪ።

«እሄዳለሁ።»

አባባ ዮረንስ ቆሞ ነው የሰማት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አላቋረጣትም። ስትጨርስ እንደገና ጠየቃት፤ ጆሮው ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም።

«ቆሞ ነበር ነው ያለው?»

«ቆሞ ነበር። በሁለት እጁ ያውለበልብ ነበር።»

«ሰካራም አያውለበልብም» አለ።

«አያውለበልብም።»

ሽማግሌው ወደ ባሕሩ ዞረ። ባሕሩ ላይ ምንም የለም፤ ጸጥ ያለ የግንቦት ከሰዓት ነው።

«በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የማጊ ሚስት ባሕሩን ትረግማለች። እኔ አፌን ከፍቼ፣ ባሕሩን ተይው፣ ባልሽ ጠጥቶ ነው የሞተው አልኳት። በሬሳው ፊት። ፍራንሲና ትባላለች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም፤ ልክ ናት። የእኔ አፍ ነው የገደለው፣ ገባሽ? ለሁለተኛ ጊዜ።»

አጌዳ መንገዱን ለቀቀችለት።

ቤት ገብቶ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ጫማውን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለማሰር ሞከረ፤ ጣቶቹ ገመዱን አልይዝ አሉት። አጌዳ ተንበርክካ አሰረችለት።

«ማኦ ከተማ ነው የምትኖረው» አለ። «ታደርሺኛለሽ?»

«አደርስዎታለሁ አባባ።»

መንገዱ ሩብ ሰዓት ነው። ፍራንሲና የምትኖርበት ሕንጻ ሥር ስታቆም ሽማግሌው የመኪናውን በር ከፍቶ ለረዥም ጊዜ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ወረደ። ደረጃውን በእጅ መደገፊያው እየተሳበ ወጣ። አጌዳ ከኋላው ሁለት ደረጃ ራቅ ብላ ተከተለችው፤ ቢወድቅ ለመያዝ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንኳኳ። ጥቁር ሹራብ የለበሰች ሴት ከፈተች። ማን እንደሆነ ስታይ በሩን መልሳ ልትዘጋው እጇ ተንቀሳቀሰ።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ በደረቱ ያዘው።

«ቆሞ ነበር» አላት። «ፍራንሲና፣ ቆሞ ነበር።»

የሴትዮዋ እጅ በሩ ላይ ቀረ፤ አልዘጋውም።